ሰባተኛው ኩላብ

ወዳጄ፣ በጂን የሚያምን ሰው ከፈለግህ ሌላ በር አንኳኳ፣ እኔ እንኳን በጂን በደላላም አላምንም፣ አክስቴ «ከጓሮ በስሜ የሚጠራኝ አለ» ብትለኝ «እንግዲያው አቤት በዪውና ምን እንደሚፈልግ ጠይቂው» ብዬ ዓመት ሙሉ ያኮረፈችኝ ሰው ነኝ፣ ደግሞስ ሙያዬ ፎቶ ማንሳት አይደለም እንዴ፣ ፎቶ አንሺ ማለት እኮ የሌለውን እንዳለ፣ ያለውን እንደሌለ እያደረገ የሚያድር የተፈቀደለት ቀጣፊ ነው፣ እኛ ሬቱሽ እንለዋለን፣ ኔጋቲቩን መስኮት ሥር ብርሃን ላይ አስደግፈህ በሾለ እርሳስ ማድያቱን ታጠፋለህ፣ መጨማደዱን ትደፍናለህ፣ አንድ ጊዜማ የአንድ ሻምበል ጉንጭ ላይ የነበረ ጠባሳ እንዲህ አድርጌ አጠፋሁለትና ሚስቱ ፎቶውን አይታ «ይህን ቆንጆ ሰው ከየት ታውቀዋለህ?» ብላ ጠየቀችው፣ እመነኝ፣ ውሸት ከሆነ ካሜራዬ ይሰበር። ስለዚህ መንፈስ ቢኖር ኖሮ መጀመሪያ የሚጣላው ከእኔ ጋር ነበር እል ነበር። እል ነበር ነው ያልኩህ።

ነገሩ የሆነው ፎቶ ቤቴ ሐረር ሸዋ በር፣ ከገበያው ፊት ለፊት በነበረ ጊዜ ነው። አንድ ረፋድ ላይ አብዶሽ ደላላው እያለከለከ መጣ፣ አብዶሽ ሲመጣ መጀመሪያ ሆዱ ይገባል፣ ቀጥሎ ድምፁ፣ እሱ ራሱ በመጨረሻ ነው የሚደርሰው።

«ታዴ፣ ቤት ፎቶ ታነሳለህ?»

«እሱ ደግሞ ምን ችግር አለው፣ ከደንበኞቼ ሁሉ ሳይነቃነቅ የሚቆምልኝ እሱ ብቻ ነው።»

«አቦ ቀልዱን ተወኝ! አቦከር ውስጥ የድሮ ቤት ልሸጥ ነው። ገዢው የኛው የሐረር ልጅ ነው፣ አዲስ አበባ ነው ያለው፣ ለእናቱ መጦሪያ ሊገዛ ፈልጎ ሱቁን ጥሎ መምጣት አልቻለም፣ ፎቶውን ልከህ አሳየኝ አለ። ቤቱ ደግሞ...»

«ቤቱ ደግሞ?»

«ቤቱ ደግሞ ያንተን ፊት ይመስላል፣ ስንጥቅ በስንጥቅ ነው። አንተ ግን ወላሂ የስንቱን አፍንጫ ያቃናህ ሰው፣ አንድ ግድግዳ ያቅትሃል?»

ሙገሳ ላይ ደካማ ነኝ፣ ካሜራዬን ተሸክሜ ተከተልኩት።

ቤቱ በግንብ እንደታጠረው እንደ ጁገል ቤት ሁሉ ነው፣ ከበሩ ስትገባ ፊት ለፊትህ እነሱ ነደባ የሚሉት በቀይ አፈር የተለሰነ ደረጃ ደረጃ መደብ፣ ከመደቡ በላይ ደግሞ ነጩ ትልቅ ግድግዳ። ይህ ግድግዳ በሐረሪ ቤት ውስጥ ዝም ብሎ ግድግዳ አይደለም፣ በገለባ የተሰፋው ስፌት ሁሉ የሚሰቀልበት፣ የቤቱ ፊት ማለት ነው፣ እዚህ ቤት ግን ራቁቱን ቆሟል። ሰባት የእንጨት ኩላቦች ብቻ፣ አራቱ ከላይ፣ ሦስቱ ከታች፣ የያንዳንዳቸው ዙሪያ በቀይ አፈር ጥንቅቅ ብሎ የተለሰነ፣ በላያቸው ግን አንድ ስፌት የለም። በሩን ወለል አድርጌ ከፍቼ፣ ብርሃን እንዲመልስልኝ ነጭ አንሶላ ወጥሬ ሳስተካክል አንዲት ቀጭን አሮጊት ከግቢው ጥግ ካለች ጠባብ ክፍል ወጥተው ቀስ ብለው መጡና አጠገቤ ቆሙ።

እማማ ረውዳ ይባላሉ። እዚያ ቤት ተወለዱ፣ እዚያው አረጁ፣ ባል አላገቡም፣ ቤቱን የወረሰው ድሬዳዋ የሚኖር የወንድማቸው ልጅ ነው፣ ቤቱ ሲሸጥ የሳቸው ጠባብ ክፍል አብራ ትሸጣለች፣ እሳቸው ደግሞ ገጠር፣ ድሬ ጠያራ፣ ስሙን እንኳ በቅጡ የማያውቁት የሩቅ ዘመድ ዘንድ እንዲሄዱ ተወስኗል። ሲወሰን የጠየቃቸው የለም። በዕድሜያቸው ሙሉ ከግንቡ ውጭ አንድ ቀን አድረው አያውቁም።

አብዶሽ ግቢውን በእርምጃው ሲለካ ጠብቀው እጅጌዬን ያዝ አደረጉኝ።

«ልጄ፣ አስቀያሚ አድርገህ አንሳው።»

«ምን አሉኝ እማማ?»

«ስንጥቁን አጉላልኝ። ጣሪያው የሚያንጠባጥብ፣ ምስጥ የበላው፣ ሰው የማይኖርበት አስመስለው። አላህ ይስጥህ። የዚህን ሆዳም ወሬ አትስማ።»

«እሺ እማማ።»

ወዲያው አብዶሽ መጣና በሌላ በኩል ጆሮዬ ሥር ገባ። «ስንጥቁን ታጠፋዋለህ። ያ ግድግዳ ደግሞ ራቁቱን ሆኖ ለቅሶ ቤት ይመስላል፣ የሆነ ነገር አልብሰው። ስፌት ደርድርበት።»

«እሺ አብዶሽ።»

እሺ ከኔ አፍ እንደ ማስነጠስ ነው የሚወጣው፣ ልይዘው አልችልም። እንግዲህ የማንን እሺ እንደምጠብቅ ብትጠይቀኝ እውነቱን ልንገርህ፣ ላሮጊቷ አዝኜላቸዋለሁ፣ ግን ሥራ ላይ ስቀመጥ እጄ ከልቤ ይቀድማል፣ ስንጥቅ ሳይ እርሳሴ ብቻውን ይነሳል፣ «አንድ ፎቶ ምን ይፈይዳል፣ ገዢው እንደሆነ ሃሳቡን ይለውጥ ይሆናል» ብዬ ራሴን አታለልኩና ቀጠልኩ።

ሁለት ቀን ሙሉ ስንጥቅ ስደፍን ዋልኩ። ከዚያ ከዓመት በፊት አንድ ሠርግ ቤት ያነሳሁት ፎቶ ነበረኝ፣ ግድግዳው በስፌት የተሞላ፣ ከሱ ላይ ሰባቱን በመቀስ ቆርጬ በእማማ ረውዳ ግድግዳ ፎቶ ላይ፣ በሰባቱ ኩላቦች ልክ፣ በኮላ ለጠፍኳቸው፣ አቤት ሲያምር! ከትልቅ ወደ ትንሽ፣ እንደ ተማሪ ቤት ሰልፍ፣ ዝንፍ የለም። ያንን የተለጣጠፈውን መልሼ በካሜራ አነሳሁት፣ አዲስ ኔጋቲቭ አወጣሁ፣ ጨለማ ክፍሌ ገብቼ አተምኩት፣ እጄን ታጥቤ ልኮራ ስወጣ ፎቶውን አየሁት።

ስፌቶቹ ቦታቸውን ለውጠዋል።

አትሳቅ። ትልቁ ከላይ ከግራ ነበር፣ አሁን ታች መሃል ነው። ትንሿ ላይ ወጥታለች። ሰባት ለጥፌ ስድስት ናቸው፣ ላይኛው ረድፍ ቀኝ ጫፍ ላይ ያለው ኩላብ ባዶውን ቀርቶ ግድግዳው ላይ ክብ ነጣ ያለ ምልክት አለ፣ ለብዙ ዘመን የተሰቀለ ነገር ሲነሳ የሚቀረውን ዓይነት። የደፈንኩት ስንጥቅም አንዱ ሳይቀር ተመልሷል። ሮጬ የተለጣጠፈውን አየሁ፣ ሰባቱም በሰልፋቸው፣ ኮላቸው እንኳ አልደረቀም።

መጀመሪያ ዓይኔን ጠረጠርኩ፣ ቀጥሎ ወረቀቱን፣ ቀጥሎ የፎቶ ማጠቢያ መድኃኒቱን የሸጠልኝን ነጋዴ እስከ ሰባት ቤት ዘሩ ሰደብኩት። ደግሜ አተምኩ፣ ያው። ኔጋቲቩን ጣልኩት፣ የተለጣጠፈውን እንደ አዲስ አነሳሁት፣ አተምኩት፣ ያው! ከዚህ ጊዜ በኋላ ፍርሃት አይደለም የያዘኝ፣ ንዴት ነው፣ እመነኝ እንዲህ ተናድጄ አላውቅም፣ ምክንያቱም በአጉሊ መነጽር ሳየው የለወጠው እጅ ከኔ እጅ ይበልጣል! እኔ ስለጥፍ የስፌቶቹን ጥላ ረስቼው ነበር፣ የሠርጉ ቤት ብርሃን ከግራ፣ የዚህ ቤት ብርሃን ከቀኝ ነው፣ እሱ ግን፣ ማንም ይሁን ማን፣ ጥላውን ሁሉ ወደ ትክክለኛው ጎን አዙሮታል፣ የመቀሱ ጠርዝ ጠፍቷል፣ የስፌቶቹ ጥለት እንኳ የሠርጉ ቤት አይደለም፣ በእኔ የሳቀ እስኪመስለኝ ድረስ አሳምሮታል። ሃያ ዓመት የሠራሁበት ሙያ ነው፣ ማንም መጥቶ ሥራዬን ሊያርመኝ! ብቻዬን ቆሜ «ከቻልክ ውጣና በግልጽ ሥራ!» ብዬ ጮህኩ፣ ፎቶ ለመነሳት ተራ የሚጠብቁ ሙሽሮች ነበሩ፣ ሳይነሱ ሄዱ።

በማግስቱ ከምሳ በፊት ለአራተኛ ጊዜ ጨለማ ክፍል ገባሁ። ውጭ ገበያው ይጮሃል፣ የጫት ሻጮቹ ይጣራሉ፣ ውስጥ ቀዩ መብራት ብቻ ነው። ወረቀቱን መድኃኒቱ ውስጥ ነከርኩና ዓይኔን ሳልነቅል አፈጠጥኩ፣ «ዛሬ ሲያደርገው እይዘዋለሁ» ብዬ። ምስሉ ቀስ እያለ መምጣት ጀመረ፣ መደቡ፣ ግድግዳው፣ ኩላቦቹ... ግድግዳው ባዶ ነው። አንድም ስፌት የለም። ከዚያ ከጀርባዬ፣ ገለባ በኖራ ላይ ሲታከክ የሚሰማው ዓይነት ኮሽታ ሰማሁ፣ ቀጥሎ «ጠቅ»፣ ስፌት ኩላብ ላይ ሲቀመጥ። ወረቀቱ ላይ አንድ ስፌት ወጣ። ኮሽ፣ ጠቅ። ሁለተኛው። አልዞርኩም፣ ለምን አልዞርክም ብትለኝ አንገቴ እሺ ስላላለኝ ነው፣ በሕይወቴ እሺ ያላለ ብቸኛው አካሌ እሱ ነው። ሦስት፣ አራት። ቸኮል የማይል፣ ቤቱን የሚያስተካክል ሰው አሠራር ነው፣ አንዴ እንደውም ሰቅሎት ሳይወደው ቀርቶ ዝቅ ሲያደርገው ሰማሁ። አምስት። ስድስት።

ከዚያ ዝም። ሰባተኛውን ጠበቅሁ። እንዴት እንደጠበቅሁት አልነግርህም። አልመጣም። ከኋላዬ የነበረው ግን የሄደ አልመሰለኝም፣ እሱም እንደኔ የሚጠብቅ ነበር የሚመስለው።

በሩ ሲደበደብ ከወረቀቱ ጋር ዘልዬ ወጣሁ። አብዶሽ ነው።

«አቦ አራት ቀን ሆነህ እኮ! የት አለ? አምጣ!» ከእጄ ነጠቀኝ። «ማሻአላህ! ይህ ምንድነው ታዲያ፣ ስንጥቁን አልነካኸውም፣ ይሄ ባዶ ቦታስ? ኩላቡ ሰባት አይደለም እንዴ?»

«አብዶሽ፣ አትላከው። እኔ አይደለሁም የደረደርኩት።»

«ማነው የደረደረው ታዲያ፣ እናቴ ናት?»

«እኔ እንጃ፣ ያንተ እናት ትሆን ይሆናል! ከኔ ይሻላል ሥራው!»

«ጠዋት ጠዋት ምን እየጠጣህ ነው? ገዢው ዛሬ ካላየ ሌላ ቤት ይይዛል፣ ይሄው ይበቃዋል» አለና እርጥቡን ፎቶ እያራገበ ወደ አዲስ አበባው አውቶቡስ ሮጠ፣ ያ ሆድ እንዲህ መሮጡ ራሱ ተአምር ነበር፣ ሌላ ጊዜ ቢሆን ስቄ እሞት ነበር።

እኔ ደግሞ የቀሩትን ሦስቱን ፎቶዎች ይዤ በጠባቡ መንገድ ወደ አቦከር ሄድኩ። ቃሌን እንዳላከበርኩ ልነግራቸው ነበር፣ ሌላም የምጠይቃቸው ነበረኝ። እማማ ረውዳ ክፍላቸው ደጃፍ ላይ ተቀምጠው ነበር። ሰጠኋቸው። ፎቶውን ወደ ዓይናቸው አስጠጉት፣ አራቁት።

«ይህን ማን ነገረህ?»

«ማንም አልነገረኝም እማማ፣ እኔ ከትልቅ ወደ ትንሽ ነበር የደረደርኩት...»

«ከትልቅ ወደ ትንሽ?» በዚያ ሁሉ ድንጋጤ መሃል እንኳ ናቁኝ። «ስፌት በመጠኑ ይደረደራል እንዴ? አንተ ልጅ፣ ስንት ዓመት ነው ሐረር የኖርከው? ስፌት የሚደረደረው በሰጪው ነው። ይቺ አያቴ ለእናቴ ሠርግ የሰፋቻት ናት። ይቺ የአማቷ፣ ከሷ ጎን አትሰቀልም፣ ዝቅ ብላ ነው። ይቺ የአክስቴ። እናቴ እንዲህ ነበር የምትሰቅላቸው። ሱብሃነላህ፣ ልክ እንዲህ ነበር። ያ የወንድሜ ልጅ ነው አባቱ በሞተ በወሩ ነቅሎ ድሬዳዋ ወስዶ የሸጣቸው።»

«ይሄ ባዶው ቦታስ?»

ተነስተው ገቡና ሣጥናቸውን ከፍተው በነጠላ የተጠቀለለ ነገር ይዘው ወጡ። ሁለት መዳፍ የምታህል ትንሽ ስፌት፣ መሃሏ ላይ ኮከብ አላት፣ ኮከቡ ግን ጠማማ ነው፣ አንዱ ጫፉ ከሌሎቹ ያጠረ።

«ሰባት ዓመቴ ነበር። የመጀመሪያ ሥራዬ ናት፣ አበላሸኋት። እናቴ እያየች ሳቀች፣ ከዚያ ከሁሉም በላይ ሰቀለቻት። ያ ልጅ ሲነቅላቸው ይህቺን ደረቴ ውስጥ ደበቅኋት፣ ቦታዋን ከኔ በቀር ማንም አያውቅም» አሉና ፎቶው ላይ ቦታዋን በጣታቸው ነኩት፣ ላይኛው ረድፍ፣ ቀኝ ጫፍ፣ ነጣ ያለችውን ክብ።

ያን ቀን ሻይ እንኳ ሳልጠጣ ተመለስኩ፣ ይህ ለኔ ብዙ ነው።

ሁለት ሳምንት ሳይሞላ አብዶሽ ደብዳቤ ይዞ ፎቶ ቤቴ ደረሰ፣ በዚህኛው ጊዜ ከሆዱም በፊት ቁጣው ነው የገባው። «ስማ! ስማ የጻፈውን!» አለና አነበበልኝ፣ ገዢው ፎቶውን ለእናቱ አሳይቷል፣ እናትየው የሐረር ሴት ናቸው፣ አንድ ጊዜ አይተው ፎቶውን ገለበጡትና «ይህ ቤት ያልወጣ ሰው አለበት፣ ግድግዳው ቦታ ይዞ እየጠበቀ ነው፣ ሰው የሚጠበቅበት ቤት ውስጥ ገብቼ አልቀመጥም» አሉ። አለቀ። ወሬው ደግሞ ከደብዳቤው ቀድሞ ገበያውን አዳረሰ፣ ከዚያ ወዲያ ያንን ቤት የጠየቀ ገዢ የለም፣ አብዶሽ ለሦስት ወር ሰላምታ ነፈገኝ፣ በጣም ነው የጠቀመኝ።

እማማ ረውዳ በክፍላቸው ቀሩ። አንድ ቀን ሸዋ በር ገበያ መጥተው በመስኮቴ ብቅ አሉና «ልጄ፣ አስቀያሚ አድርገው ብልህ እውነቱን አነሳኸው፣ አላህ ይክፈልህ» አሉኝ። «ኧረ ምን ችግር አለ» አልኩ። ምስጋና የሌላ ሰው ቢሆንም መመለስ ነውር ነው።

ከዓመታት በኋላ እዚያችው ክፍላቸው ውስጥ አረፉ፣ ነፍሳቸውን ይማር። የቀበሯቸው ጎረቤቶች በነጠላ የተጠቀለለችውን ስፌት አመጡልኝ፣ «ለፎቶ አንሺው ስጡት፣ ቦታዋን እሱ ያውቃል» ብለው ነበር አሉኝ። ገባኝ እኮ፣ አልገባህም እንዳትለኝ፣ ወስጄ እዚያ ግድግዳ ላይ እንድሰቅላት ነው። ቤቱ ግን ተዘግቶ ቁልፉ ድሬዳዋ ነው፣ ነገ አስመጣለሁ፣ ከነገ ወዲያ አስመጣለሁ ስል የኔ ሳሎን ግድግዳ ላይ ሚስማር መታሁና ለጊዜው ብዬ ሰቀልኳት። ባለቤቴ «ኮከቡ ጠማማ ነው» ብላ ስቃ ተወችው።

የልጄ ክርስትና ዕለት ቤተ ዘመዱን በሙሉ እዚያ ግድግዳ ሥር አሰልፌ አነሳሁ። ሳትመው ሁሉም አሉ፣ ስፌቷ ግን የለችም። በሷ ቦታ ክብ ነጣ ያለ ምልክት አለ፣ ልክ ከአማቴ ራስ በላይ፣ እንደ ሥዕለ ቅዱሳን አክሊል፣ አማቴንና አክሊልን አንድ ላይ ማየት ምን ያህል እንደሚያስደነግጥ አማቴን ያወቀ ያውቀዋል። ደግሜ አነሳሁ፣ ያው። የድሮውን የአቦከር ኔጋቲቭ አውጥቼ አተምኩ። ሰባት ናቸው። ላይኛው ረድፍ፣ ቀኝ ጫፍ፣ ጠማማ ኮከቧ ሳይቀር።

ባለፈው እሁድ ጠዋት ባለቤቴ አቧራ ልትጠርግ ስፌቷን አወረደቻትና ጠራችኝ፣ «አንተ፣ መቼ ነው ይህን የተከልከው?» አለች። እኔ የመታሁት የብረት ሚስማር ነበር። በሚስማሩ ቦታ ያለው የእንጨት ኩላብ ነው፣ በእጅ ብዛት የለሰለሰ፣ ዙሪያው በቀይ አፈር ጥንቅቅ ብሎ የተለሰነ፣ አፈሩ በጣቴ ስነካው ገና እርጥብ ነው።

«ንቀለው» አለችኝ።

ጉጠት አመጣሁ፣ ያዝኩት፣ ሳብኩት። ንቅንቅ አለና ትንሽ ወደ እኔ መጣ፣ ከዚያ፣ እመነኝ ወዳጄ፣ ከግድግዳው ወዲያ አንድ ሰው እንደያዘው ሁሉ፣ ቀስ ብሎ፣ ሳይቆጣ፣ ወደ ቦታው ተመለሰ።

ጉጠቱን አስቀመጥኩ። ባለቤቴም አልሳቀችም። ስፌቷን ከእጇ ተቀበልኩና ኩላቡ ላይ አኖርኳት፣ ገለባዋ በግድግዳው ላይ ታከከ፣ ጠቅ አለ።

ሰባት።